የመጋቢት ሃያ ሦስት ሽማግሌዎች

ኤፕሪል ዘ ፉል የሚባለውን ቀን የፈጠረውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፤ እህት አለህ ወይ? እህት ያለው ሰው እንዲህ ያለ ቀን አይፈጥርም። ካለችውም ገና ሽማግሌ አልተላከላትም ማለት ነው።

ሰውየውን ፈልጌዋለሁ። የስልኬ ዳታ እስኪያልቅ ድረስ ፈልጌ አጣሁት። የሚገርማችሁ፣ ዓለምን ሙሉ የሚያሞኝ ቀን የት እንደተወለደ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው የለም። አንዱ ከሮማውያን የመጣ ነው ይላል። ሌላው በፈረንጅ አገር በዚያ ወር አየሩ ራሱ ሰው ያታልላል፣ ጠዋት ፀሐይ አሳይቶ ከሰዓት በዝናብ ያበሰብሳል፣ ሰዎችም ከአየሩ ተማሩ ይላል። ብዙዎቹ የሚያወሩት ግን ይህን ነው። ፈረንሳይ አገር ድሮ አዲስ ዓመት የሚከበረው በዚሁ ሰሞን ነበር አሉ። አንድ ንጉሥ ተነሣና ወደ ጥር ወሰደው። ወሬው ያልደረሰው ሰው፣ ወይም ደርሶት "እኔ አልቀይርም" ያለው፣ በድሮው ቀን ደግሶ እንግዳ ሲጠብቅ ጎረቤቶቹ ሳቁበት። ጀርባው ላይ የወረቀት ዓሣ ለጠፉበት። ሞኝ አሉት።

ይህን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ። ዘመን አቆጣጠር አልቀይርም ያለ ሰው ሞኝ ከተባለ፣ እኛ አገሩ በሙሉ ጀርባችን ላይ ስንት ዓሣ ተለጥፎ ይሆን? እጄን ወደ ኋላ ልኬ ዳሰስኩ። ደግነቱ ሰው አላየኝም።

አባባን ጠየቅኳቸው። አባባ በሕይወታቸው "አላውቅም" ብለው አያውቁም። ስለ ምንም ነገር ጠይቋቸው፣ መልስ አላቸው፤ መልሱ ሲያልቅባቸው ደግሞ "ከአያቶቻችን ጋር ከሸዋ የመጣ ነው" ይላሉ። የሳሎናችን ጣሪያ ለምን እንደሚያፈስ ስጠይቃቸው ይህንኑ ነው ያሉኝ። የውሸት ቀን የሚባል ነገር አለ ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ውሸት ቀን ተቆረጠለት?"

"አዎ አባባ። በዓመት አንድ ቀን።"

"ዓመቱን ሙሉ እየሠራ? እረፍት ቢሰጡት ነበር የሚሻለው።"

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ሥራም እኔን እየፈለገ ይሆናል፤ አልተገናኘንም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሐረር፣ ከሸዋ በር ገባ ብሎ ያለውን ቤታችንን የያዝኩት እኔ ነኝ። ታላቅ እህቴ ሰብለ ነርስ ናት፤ ጸጥ ያለች፣ የተረጋጋች፣ ከአንድ ማኅፀን መውጣታችንን ሰው የሚጠራጠርባት። አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ የማልችለው እኔ፣ በሥራ እጦት ምክንያት፣ ዋና ሥራዬን የኤፕሪል ዘ ፉል ቀን አድርጌው ነበር። በሰፈራችን ይህ ቀን ሲመጣ ሰዎች ስልካቸው ላይ የእኔን ቁጥር ሲያዩ አያነሱም።

ባለፈው ዓመት ተራው የጓደኛዬ የፈትሒያ ነበር። ፈትሒያ መኪና ግርግር፣ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ቀኑን ሙሉ በሚንጫጩበት በዚያ ጠባብ መንገድ፣ ሱቅ አላት። ደወልኩላትና ሙሽራና ሚዜዎቿ ቀሚስ ሊያሰፉ ፈላና በር ቆመው እየጠበቁሽ ነው አልኳት። ሱቋን ዘግታ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ በዚያ ፀሐይ ፈላና በር ድረስ ሄደች። ያገኘችው አንድ እንጨት የተጫነ አህያ ነው። ስትመለስ አልተቆጣችም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። "ቆይ አቦ" አለችኝ፣ "ዓመት ሩቅ አይደለም፤ ኢንሻአላህ።"

ኢንሻአላህ የሚባለውን ቃል እንዲህ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዓመቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ። መጋቢት ሲገባ እንቅልፌ ቀነሰ። ፈትሒያ በመንገድ ስታገኘኝ ፈገግ ካለች ምን አስባ ነው እላለሁ፤ ካላለች ደግሞ ምን ደብቃ ነው እላለሁ። ቀኑ ሲነጋ አንድ ውሳኔ ወሰንኩ፤ ዛሬ ማንም ምንም ቢለኝ አላምንም።

ቀላል መስሏችሁ ይሆናል። ለማመን አፍ ብቻ ይበቃል፤ ላለማመን ግን ሙሉ ሰውነት ነው የሚደክመው። ገና ከአልጋ ሳልነሣ ትከሻዬ ተወጥሮ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው። በአጥር ላይ ብቅ ብለው፣ "ኧረ ተነሺ፣ ውሃ መጥቷል" አሉኝ።

ሐረር ውስጥ "ውሃ መጥቷል" የሚለው ወሬ ምን ማለት እንደሆነ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሰው የሞቀ አልጋውን፣ የያዘውን ወሬ፣ አንዳንዴም የያዘውን ልጅ አስቀምጦ ጀሪካን ይዞ ይሮጣል። ስለዚህ እኔን ማሞኘት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛል? ፈትሒያ እትዬ ዘነበችን እንኳ ገዝታቸዋለች ብዬ ተገረምኩ።

"እሺ፣ ይምጣ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ሊሄድ ይችላል።"

"ደህና ይሂድ።"

እትዬ ዘነበች ለደቂቃ ያህል አዩኝና ራሳቸውን ነቅንቀው ወረዱ። ውሃው ባዶ ጀሪካኖቼን በሩቁ አይቶ ሄደ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያኔ ግን በድሌ ሻይ ልጠጣ ስል ሻይ የሚፈላበት ውሃ አልነበረም።

ቀጥሎ ስልክ ጮኸ። ሰብለ ናት፤ ከሥራ ቦታዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ስሚኝ፣ ማታ ልነግርሽ ፈልጌ አባባ አጠገብሽ ነበሩ። ዛሬ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ከዳዊት ቤት።"

ዳዊት ሰብለ የምትወደው ልጅ ነው። አብረው ከሆኑ ቆይተዋል፤ እኔ አውቃለሁ፣ አባባ እንደማያውቁ ሆነው ያውቃሉ።

"ይምጡ" አልኳት፣ ፈገግ ብዬ።

"አትቀልጂ። አባባን ከቤት እንዳታስወጪያቸው። ደግሞ ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ አጎቱ፣ እሱን ያሳደጉት። እሳቸው ክብራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ከተቀየሙ አይመለሱም፤ እሳቸው ካልተመለሱ ደግሞ ዳዊት ያለ እሳቸው ቃል አያገባም። ገባሽ?"

"በጣም ገባኝ። ጋሽ ተሰማ። ክብር። አይመለሱም።"

"ምነው እንዲህ ትያለሽ?"

"ለፈትሒያ ሰላም በያት" ብዬ ዘጋሁት።

አሁን እናንተ ገብቷችኋል። እናንተ ተቀምጣችሁ ነው የምታነቡት፤ እኔ ግን ዓመት ሙሉ የፈራሁት ቀን ላይ ቆሜ ነበር። የገዛ እህቴን አስገብተውብኛል ብዬ አዘንኩ እንጂ አልተጠራጠርኩም። ደግሞስ በአንድ ዓመት ውስጥ ካሉት ቀናት ሁሉ መርጦ በዚህ ቀን ሽማግሌ የሚልክ ሰው አለ?

አባባ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ኤረር በር ከሚኖሩ ጓደኛቸው ጋር ዳማ ሊጫወቱ ነው። በሩ ላይ፣ "የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደገፋፋቸው እግዚአብሔር ያውቃል።

"ማንም አይመጣም። ይሂዱ፣ ይጫወቱ" አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ግቢውን ዞርኩት። በር ከፍቼ ዘጋሁ። ቧንቧ ከፍቼ አየሁ፤ ጠብታ የለም። ለፈትሒያ ልደውል ብዬ ተውኩት፤ ድምፄን ሰምታ እንደፈራሁ ታውቃለች። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች። አንዱ ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ድረስ የወረደ፣ ዱላ የያዙ። ሁለተኛው ጃንጥላ የያዙ ቄስ። ሦስተኛው ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አጭር፣ አንገቱን አቀርቅሮ የሚያስነጥስ ሰውዬ። መልካቸውን ሳይ፣ ፈትሒያ ትምህርት ብትማር ኖሮ ትልቅ ሰው ትሆን ነበር ብዬ አሰብኩ።

"እንደምን አደርሽ ልጄ" አሉ ረጅሙ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ።"

"ጉዳይ አለን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ይህንንም አስጠንታቸዋለች። ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ተቀመጡ ቢሉት እሺ አይልም። ረጅሙን ከእግር እስከ ራስ ስመለከታቸው የጋቢያቸው ጠርዝ ላይ ዓይኔ አረፈ። ጠርዙ የተዘመዘመው በአረንጓዴ ክር ነው። መኪና ግርግር ካሉት ሰፊዎች ሁሉ ነጭ ጋቢ በአረንጓዴ ክር የምትዘመዝመው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ለምን ስትባል አረንጓዴ በረካ አለው ትላለች። እውነቱ መኪናዋ ላይ ያለውን ክር መቀየር ይሰለቻታል።

ያዝኩሽ አልኩ በልቤ። ከጠዋት ጀምሮ የተወጠረው ትከሻዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ።

"የቤቱ ጌታ አሉ?" አሉ ረጅሙ።

"የቤቱ ጌታ እኔ ነኝ" አልኳቸው። ገብቼ የአባባን ጋቢ ለበስኩ፤ በረንዳው ላይ ያለው የአባባ ወንበር ላይ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ። "ተናገሩ።"

ረጅሙ ሽማግሌ ቄሱን አዩ። ቄሱ ጃንጥላቸውን አዩ። አጭሩ አስነጠሰ።

"እንግዲህ" አሉ ረጅሙ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ቤቱ ሐዘን ደርሶበታል፣ ሰው የለውም ይሆናል፤ ታናሽም ብትሆኚ ቤቱን የያዝሽው አንቺ ከሆንሽ ለአንቺ እንናገራለን። የመጣነው ለመልካም ነገር ነው። ልጃችን ዳዊት ልጃችሁን ሰብለን ወዷል። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው።"

"ይጠጣል?"

"በዓል ካልሆነ አይጠጣም።"

"ያንኮራፋል?"

ሲያስቡ አየኋቸው። "ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በልጅነቱ አያንኮራፋም ነበር። አሁን ብቻውን ነው የሚተኛው፤ ምስክር የለም።"

"ምስክር ለሌለው ሰው እህቴን አልሰጥም። አባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

"እኔ" አሉ ቄሱ፣ "ስለ ሌሎች ነገሮች ነበር የተዘጋጀሁት።"

"የሙሽሪትን ታናሽ እህትስ? ለእሷ ምን አስባችኋል?"

ረጅሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። "ስለ እሷ ዳዊት ነግሮናል። 'ትናገራለች፤ ልቧ ግን ቀና ነው፤ አትቀየሙባት' ብሎናል።"

ይህን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። "ትናገራለች" የሚለው የፈትሒያ አፍ ነው። ተነሥቼ ወደ ሰውየው ተጠጋሁ። ፊታቸው በጣም ኮስተር ያለ፣ ቅንድባቸው የማይነቃነቅ፤ እንዲህ ያለ ሰው በሐረር መንገድ ላይ ይዞራል፣ እኛ ደግሞ ተዋናይ የለንም እንላለን።

"አንተ ግን ጎበዝ ነህ" አልኩት። አዎ፣ አንተ ነው ያልኩት። "ሁለቱ ደካማ ናቸው፤ አንተ ግን እውነተኛ ነው የምትመስለው። ጢምህንማ ማን ለጠፈልህ?"

ብዬ ሳብኩት።

ጢሙ አልመጣም። ሰውየው ናቸው አብረው የመጡት።

እንደገና ሳብ አደረግኩት፤ ሙጫው ጥሩ ነው ብዬ። ቄሱ "በስመ አብ" አሉ። የአጭሩ ሰውዬ ማስነጠስ ቆመ። ረጅሙ እጄን ቀስ ብለው ከጢማቸው ላይ አነሱት። ወድቆ የነበረውን ዱላቸውን ጎንበስ ብለው አነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"እንሂድ" አሉ። "ይህ ቤት ሰው የለውም።"

ሲወጡ አጨበጨብኩላቸው።

ወዲያው ለፈትሒያ ደወልኩ። የመኪናዋ ድምፅ ከእሷ ቀድሞ መጣ።

"አልተሳካልሽም" አልኳት። "ጋቢውን በአረንጓዴ ክር ዘምዝመሽ ትልኪያቸዋለሽ? ሌላ ክር አጣሽ?"

"የምን ጋቢ? ምን እያልሽ ነው?"

"ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ፈትሒያ?"

የመኪናው ድምፅ ቆመ። "ወላሂ፣ ዛሬ ነው እንዴ? ረስቼዋለሁ አቦ። ዓመት ሙሉ ሳስብበት ሥራ በዛብኝና..." እውነተኛ ቁጭት ነበር በድምጿ ውስጥ። ከዚያ፣ "ጋቢ አልሽ? ትናንት አንድ ረጅም ሽማግሌ አዲስ ጋቢ አምጥተው አስዘምዝመዋል። ነገ ለልጄ ለሽምግልና እሄዳለሁ ብለው መርቀውኝ ነው የሄዱት። ምነው?"

"ጢማቸውስ?"

"ጢማቸው ምን ሆነ?"

"የራሳቸው ነው?"

"ታዲያ የማን ይሆናል?"

ከዚህ በኋላ ፈትሒያ የተናገረችውን አልሰማሁም። የማየው ሰብለን ብቻ ነበር። በሰላሳ ምናምን ዓመቷ አንድ ቀን እንኳ ለራሷ ነገር ያልጠየቀች እህቴ፤ እናታችን ስትታመም የጓደኞቿ ስልክ ሁሉ ሳይነሣ ሲቀር ዳዊት ብቻ ሆስፒታል በር ላይ ተቀምጦ የጠበቃት። አንድ ጊዜ ከተቀየሙ አይመለሱም ነው ያለችኝ። ሁለት ጊዜ ነው የሳብኩት።

ስልኬ ጮኸ። ሰብለ ናት። አላነሣሁትም። ሮጥኩ።

የአባባን ጋቢ ከላዬ ማውለቅ ረስቼ ነበር። በነጠላ ጫማ፣ ትልቅ ጋቢ እየጎተትኩ ወደ ሸዋ በር ስወርድ ሰዎች መንገድ ይለቁልኛል፤ የተለቀሰበት ቤት ያለ መስሏቸው አንዷ ሴት "ማንን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ራሴን" አልኳት።

ሚኒባሶቹ ጋ ስደርስ አየኋቸው። ሊሞላ ሁለት ሰው የቀረው ሚኒባስ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ያ ነጭ ጢም። ምን ብዬ ልጠጋ? ይቅርታ ብል ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ ይበቃል? በትምህርት ቤት የተማርኩት ሁሉ ሸሸኝ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ በደለኛ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚታረቀው። አንገቱ ላይ ድንጋይ ጭኖ ይቆማል፤ የተበደለው ሰው አውርድ እስኪለው አያወርድም። ይህን ያህል ከባድ ነገር ያደረገ ሰው ይህን ያህል ከባድ ነገር መሸከም አለበት።

ድንጋይ ፈለግኩ። ሸዋ በር ቆሞ ድንጋይ ማጣት ይቻላል ቢባል አላምንም ነበር። ከፊቴ ያለው ግንብ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው፤ ግን ከጀጎል ግንብ አንድ ድንጋይ ነቅዬ ታሪክ ላፍርስ? ወዲያ ስል ሽንኩርት፣ ወዲህ ስል ቲማቲም። ከዚያ አንድ ጥሩ፣ ድቡልቡል፣ ለአንገት የተሠራ የሚመስል ድንጋይ መሬት ላይ አየሁ። ጎትቼ አወጣሁት፤ ጋቢዬን አጣጥፌ አንገቴ ላይ አስቀመጥኩትና በመስኮቱ ፊት አጎነበስኩ።

"አባቴ፣ ስለ እግዚአብሔር" ብዬ ቀና ስል መስኮቱ የለም።

ሚኒባሱ ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ቀስ ብሎ፣ ያለ ሾፌር። ሾፌሩ ውጪ ቆሞ ሲያወራ ነበር። ያ ድንጋይ የኋላ ጎማው ታኮ ነበር።

ሽማግሌዎቼ በመስኮት እያዩኝ ራቁ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተዋል። ሾፌሩ እየሮጠ፣ እኔ ድንጋይ አንገቴ ላይ ይዤ እየሮጥኩ፣ ሚኒባሱ አንዲት ሴት የደረደረችው የድንች ጆንያ ላይ ደገፍ ብሎ ቆመ። ማንም አልተጎዳም፤ ከድንቹ በስተቀር።

"እህቴ" አለኝ ሾፌሩ እያለከለከ፣ "ታኮዬን ምን ልትሠሪበት ነው?"

"ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው።"

"ማንን?"

"እሳቸውን።"

"መጀመሪያ መኪናዬን ጠይቂ።"

"ድንቼንስ?" አለች ሴትዮዋ። "ድንቼን ማን ነው ይቅርታ የሚጠይቀው? ይህችን ልጅ እኔ አውቃታለሁ አቦ፤ ዛሬ የውሸት ቀን ነው፣ እሷ ካለችበት ሽሹ።"

ሰው ተሰበሰበ። አጭሩ ሰውዬ ደንግጦ ማስነጠሱን ጀምሯል። ረጅሙ ሽማግሌ የመስኮቱን መስታወት ቀስ ብለው ገፉት።

"የምን ቀን ነው ያለችው?"

አጎንብሼ፣ ድንጋዩ አንገቴን እየሰበረኝ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። የፈረንጅ የውሸት ቀን መሆኑን፣ ፈትሒያን፣ ኢንሻአላህን፣ አረንጓዴውን ክር። ማቆም አልቻልኩም፤ ስፈራ ወሬ ይበዛብኛል። የፈረንሳዩን ንጉሥ፣ አዲስ ዓመቱን፣ የወረቀቱን ዓሣ ሳይቀር ተናገርኩ። ሸዋ በር ገበያ መሀል፣ ስለ ፈረንሳይ ንጉሥ፣ ድንጋይ ተሸክሜ። ሰውየው ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"እንግዲህ ንጉሡ ቀኑን ቀየረው" አሉ።

"አዎ አባቴ።"

"አልቀይርም ያለውን ሞኝ አሉት።"

"አዎ።"

"በእኛ ዛሬ ስንት ነው?"

"ሃያ ሦስት።"

"መጋቢት ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ ነው። እኛ በጠዋት ጊዮርጊስን ስመን፣ ስዕለት ተስለን፣ ቀኑ መልካም ነው ብለን ቤታችሁ መጣን።" ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። "አንቺ ቤት ቁጭ ብለሽ ስታከብሪ የነበረው የማንን በዓል ነው?"

የአባባ ልጅ ሆኜ መልስ አጣሁ።

"ድንጋዩን ለባለቤቱ መልሺ" አሉኝ።

"ይቅር አሉኝ?"

ሰውየው መስታወቱን መዝጋት ጀመሩ። "እናስብበታለን" አሉ። "ተመካክረን ቀጠሮ እንልካለን።"

ሚኒባሱ ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ። እናስብበታለን፣ ቀጠሮ እንሰጣለን የሚለው የሴት ልጅ ቤተሰብ ነው፤ ከድሮ ጀምሮ እንደዚያ ነው። የወንዱ ሽማግሌ "እናስብበታለን" ብሎ የሄደበት ቤት በሐረር የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልተርካቸውም፤ ብተርካቸው እንደገና ያመኛል። ለሰብለ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። ነርስ አይደለች፣ ተስፋ የሌለውን በሽተኛ የምታይበት ዓይን አላት፤ በእሱ አየችኝና ክፍሏ ገባች። በግድግዳው በኩል ለዳዊት ስትናገር እሰማለሁ፤ "አላውቅም... እሳቸው ምን አሉ? ... እሺ ጠብቅ።" እኔ ምግብ ስሠራ ጨው እረሳለሁ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ዕቃ ይወድቅብኛል። ለአባባ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳቸው። ሽማግሌዎች መጥተው አላገኙዎትም አልኳቸው። ጢሙን አላነሣሁም። ለአባባ ቢነገራቸው የሚሞቱበት ነገር አለ፤ የጢሙ ነገር ከዚያ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ዳዊት ደወለ። እሑድ ይመጣሉ። ምን ሊሉ እንደሚመጡ እሱም አያውቅም። "ጋሽ ተሰማ ዝም ብለዋል" አለ፣ "ዝም ሲሉ ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል።"

እሑድ ውሃ መጥቷል ሲባል ከእትዬ ዘነበች ቀድሜ ቧንቧው ጋ ነበርኩ። ቤቱን አጠብኩ፣ እንደገና አጠብኩ። እንግዶቹ ሲደርሱ እትዬ ዘነበች ቤት ልደበቅ አስቤ ነበር፤ አባባ ግን ኮታቸውን ለብሰው፣ ቀጥ ብለው በረንዳው ላይ ቆመው፣ "በሩን አንቺ ክፈቺ። የቤቱ ልጅ ነሽ" አሉኝ።

በሩ ሲንኳኳ ሰብለ በጓዳው መጋረጃ ኋላ ነበረች። ጣቶቿ መጋረጃውን ሲጨብጡት አየሁ።

ከፈትኩ። ያው ጋቢ፣ ያው ጃንጥላ፣ ያው ማስነጠስ። ጋሽ ተሰማ አባባን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ሰላም አላሉም። ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ቀረቡና ጎንበስ ብለው ጢማቸውን ወደ እኔ ዘረጉት።

"አረጋግጪ" አሉ።

እጄን ማንሣት አልቻልኩም።

"ምንድነው?" አሉ አባባ።

"ባለፈው ስንመጣ" አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ቅንድባቸው ሳይነቃነቅ፣ "ልጅዎ ጢም ሳይሳብ ሽማግሌ አንቀበልም ብላ ቤቱን ስታስከብር ነበር። እኛ ባለማወቅ ተቀይመን ሄድን። ኋላ ሳስበው፣ የቤታችሁ ደንብ ይሆናል አልኩ። የሰው ቤት ደንብ ይከበራል።"

ሁሉም ወደ አባባ ዞረ። አባባ እኔን አዩኝ። ጢሙን አዩ። አፋቸው ተከፈተ። በዚያች ደቂቃ የእህቴ ሕይወት የተንጠለጠለው በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ "አላውቅም" ብለው በማያውቁ ሰው አፍ ላይ ነበር።

"አዎ" አሉ አባባ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። "ከአያቶቻችን ጋር ከሸዋ የመጣ ነው።"

ሳብኩት። በጣም በቀስታ፣ በሁለት ጣት። ጋሽ ተሰማ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ብቻ ሲስቅ አየሁ፤ ከእኔ ሌላ ያየ የለም።

"የራሴ ነው?" አሉኝ።

"የራስዎ ነው አባቴ።"

"እንግዲያው ጉዳያችንን እንናገር።"

ቄሱም፣ ደንብ ከሆነ ብለው፣ ጢማቸውን ዘረጉልኝ። አጭሩ ሰውዬ ጢም ስለሌለው በጣም አፈረ።

ሰብለ ከፋሲካ በኋላ ተዳረች። በሠርጉ ቀን የሙሽራው ዘመዶች በራችን ላይ ሲደርሱ ጢም ያላቸው ሁሉ ሳይነገራቸው ተሰለፉ፤ አባባ ከጎኔ ቆመው የደንቡን ጥልቅ ትርጉም ለእንግዶቹ ያብራሩ ነበር። በየእንግዳው የሚያድግ ትርጉም ነው የሰጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን የኤፕሪል ዘ ፉል ፈጣሪ መፈለግ አቁሜያለሁ። ንጉሥ አይመስለኝም፤ ያም ቀን የእኛ ደንብ እንደተወለደው የተወለደ ይመስለኛል። አንዲት የፈራች ልጅ የማይነካ ነገር ነካች፤ አንድ ሽማግሌ ሊምሯት ፈለጉ፤ አንድ አባት አላውቅም ማለት አልሆነላቸውም። በቃ።

ባለፈው ሳምንት ከፈላና በር የማላውቃት ሴት ቤት ድረስ መጣች። ለልጇ ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ እኛ ቤት ደንቡን ያውቃሉ ተብላ ነው።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አለችኝ። "ጢሙ የሚሳበው ከመናገራቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

በረንዳው ላይ አባባ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁ።

"በፊት" አልኳት።